ጨው የበላው ሻርክ

ኦርካ የምትባል መርከብ ነበረችን። በዚህ ስሟ ግን የሚያውቃት ብዙ ሰው የለም። አሜሪካኖች በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ባሕር ላይ የሚያርፉ አውሮፕላኖችን እንድታገለግል የሠሯት፣ እ.ኤ.አ. በ1944 ሥራ የጀመረች፣ ዘጠና አምስት ሜትር ገደማ የምትረዝም መርከብ ናት። በፓሲፊክ ውቅያኖስ ዘመተች፣ ከጦርነቱ በኋላ ቢኪኒ ላይ የአቶም ቦምብ ሲሞከር በቦታው ነበረች፣ ከዚያም ሥራ ፈትታ ቆመች። በ1954 ዓ.ም. ለንጉሠ ነገሥቱ የባሕር ኃይል ተሰጠችና አዲስ ስም ወጣላት፤ «ኢትዮጵያ» ተባለች። የባሕር ኃይላችን ትልቋ መርከብ እሷ ነበረች። ዕጩ መኮንኖች ሙያውን የለመዱት እሷ ላይ ነው።

ሰሞኑን እሷን ያስታወሰችኝ ሌላ ኦርካ ናት። ዝምድና የላቸውም፤ ስም ብቻ ነው የሚጋሩት። እ.ኤ.አ. በ1975 የወጣውን «ጆውስ» የተባለውን የሻርክ ፊልም ያየ ሰው፣ ሦስት ሰዎች አውሬውን ሊያድኑ የወጡባትን ያቺን አሮጌ ጀልባ አይረሳትም። ስሟ ኦርካ ነው። ኦርካ ትልቁን ሻርክ ሳይቀር የሚያድን የባሕር እንስሳ ነውና ለሻርክ አዳኝ ጀልባ የሚመጥን ስም ነው። እኛም እንግዲህ ኦርካ ነበረችን፣ ባሕር ነበረን፣ በባሕሩም ውስጥ ሻርክ ሞልቶ ነበር። የሻርክን መልክ ያወቅነው ግን ከአሜሪካ በመጣ ካሴት ነው።

በዓለም ላይ አንድ የፊልም ተመልካች ዘር አለ፤ እኔ «ስህተት ለቃሚ» እላቸዋለሁ። ታሪኩ አይገዳቸውም። ጀግናው በቀኝ እጁ የያዘው ብርጭቆ ወደ ግራ መዛወሩን፣ የተቀደደው ሸሚዝ መልሶ መሰፋቱን፣ የግድግዳው ሰዓት ወደ ኋላ መሄዱን ነው አድፍጠው የሚጠብቁት። ለእነዚህ ሰዎች «ጆውስ» ሠርግና ምላሽ ነው። በአንዲት አጭር ንግግር መካከል ሰማዩ ጠራ ሲሉት ይደምናል፣ ደመነ ሲሉት ፀሐይ ይወጣል። ባሕሩ አንዴ መስተዋት ይመስላል፣ ወዲያው ደግሞ ይናወጣል። ምክንያቱ ቀላል ነው። ዳይሬክተሩ ስቲቨን ስፒልበርግ ያኔ የሃያ ሰባት ዓመት ወጣት ነበርና በስቱዲዮ ገንዳ ውስጥ አልቀርጽም፣ እውነተኛ ባሕር ላይ ነው የምቀርጸው ብሎ ድርቅ አለ። ማሳቹሴትስ አጠገብ ማርታስ ቪንያርድ ወደምትባለው ደሴት ሄዱ። ባሕር ደግሞ የማንም ተቀጣሪ አይደለም። ሰዎቹ ብቻቸውን ናቸው በተባለበት ባሕር ላይ የሽርሽር ጀልባ በአድማስ ብቅ ይላል፤ እስኪያልፍ ይጠበቃል፤ እሱ ሲያልፍ ማዕበል ይነሣል፤ ማዕበሉ ሲበርድ ፀሐይ ትጠልቃለች። የአንድ ደቂቃ ንግግር ቀናት ይፈጃል። በ55 ቀን ያልቃል የተባለው ቀረጻ 159 ቀን ፈጀ። ገንዘቡም ከታሰበው ከእጥፍ በላይ ሄደ። በዚህ መሐል ጀልባዋ ኦርካ ካሜራና ፊልም እንደያዘች ሰጠመች፤ ፊልሙ ተለቅሞ ወጥቶ ኒውዮርክ ተወስዶ ታጥቦ ዳነ።

የሰማዩን መደመንና መጥራት እኔ ይቅር ብያለሁ። ከስህተቶቹ ሁሉ የሚቆረቁረኝ የቀን ስህተት ነው። ሮበርት ሾው የሚጫወተው ሻርክ አዳኙ ኩዊንት ሌሊት ጀልባዋ ውስጥ ተቀምጦ፣ ለአቶም ቦምብ የሚሆን ዕቃ አድርሳ ስትመለስ በጃፓን ሰርጓጅ መርከብ ስለተመታችው «ኢንዲያናፖሊስ» ይተርካል። የፊልሙ ትልቁ ቦታ እሱ ነው። ኩዊንት ቀኑን ጁን 29 ይለዋል፤ መርከቧ የሰጠመችው ጁላይ 30 ቀን 1945 ነው። አንድ ወር ሙሉ! በዚያው ዓመት መጀመሪያ የኛዋ ኦርካም በፊሊፒንስ ባሕር ጦርነት ላይ ነበረችና ነገሩ እንደ ዘመድ ታሪክ ይሰማኛል። በ«ኢንዲያናፖሊስ» ላይ 1,195 ሰዎች ነበሩ። 300 ያህሉ አብረዋት ሲሰጥሙ የቀሩት ባሕር ላይ አራት ቀን ገደማ ተንሳፈፉና 316ቱ ብቻ በሕይወት ተረፉ። ሻርክ መኖሩ እውነት ነው፤ ሰው መብላቱም እውነት ነው። ብዙዎቹን የጨረሳቸው ግን ቁስል፣ ፀሐይ፣ ውኃ ጥምና ጥሙን አልችል ብለው የጠጡት የባሕር ውኃ ነው። በኩዊንት አፍ ሲተረክ ጨዋማው ውኃ ወደ ኋላ ያፈገፍግና ጥርስ ብቻ ይቀራል። ይሄኛው በቀን ስህተት ለቃሚዎች መዝገብ ውስጥ አይገባም፤ ዋናው ስህተት ግን እሱ ይመስለኛል።

ጨው ካልኩ ዘንድ ስለ ጨው ትንሽ ላውራ። የይፋግ ሰው ስለሆንኩ ጨው ሲነሣ ዝም ማለት ይከብደኛል። ዛሬ ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር የሚሄድ መንገደኛ ወረታን አልፎ አዲስ ዘመን ሳይደርስ በመስኮት አይቷት የሚያልፋት ይፋግ፣ በአሥራ ዘጠነኛው ክፍለ ዘመን በሰሜኑ የአገራችን ክፍል ከታወቁት ገበያዎች አንዷ ነበረች። አሞሌው ከአፋር በረሃ ተጠርቦ፣ በግመል ደጋ ወጥቶ፣ በበቅሎና በአህያ ተጭኖ እዚህ ይራገፍ ነበር። ያ ጨው ምንድን ነው ቢባል ቀይ ባሕር ነው። በጥንት ዘመን ወደዚያ ረባዳ ገብቶ የነበረው ባሕር ደርቆ የቀረ አተላ ነው። እንግዲህ የኛ አገር ሰው ባሕርን ሳያየው ለብዙ መቶ ዓመታት ሲልሰው፣ ሲሸጠውና ሲለውጠው ኖሯል ማለት ነው። ከዚያ የባሕር ውኃ ብረት እንደሚበላ የነገረን አልነበረም።

ለአሜሪካኖቹም የነገራቸው ያለ አይመስልም። ለፊልሙ የተሠሩት ሰው ሠራሽ ሻርኮች ሦስት ነበሩ። የሠራቸው ቦብ ማቲ፣ በዲዝኒው የባሕር ፊልም ውስጥ ያለውን ግዙፍ ስኩዊድ የሠራ አንጋፋ ባለሙያ ነው። ሰባት ሜትር ተኩል ይረዝማሉ። (እዚህም ላይ ስህተት አለ፤ በአስተማማኝ ሁኔታ የተለካ ትልቁ ነጭ ሻርክ ከስድስት ሜትር ብዙ አይዘልም።) በአየር ግፊት ይንቀሳቀሳሉ፤ አፍ ይከፍታሉ፤ ጅራት ያወዛውዛሉ። ጨዋማው ውኃ ውስጥ ሲገቡ ግን ሌላ ሆኑ። አንደኛው ገና ሲሞከር ወደ ታች ሰመጠ። ቱቦው ያፈስሳል፣ ብረቱ ይዝጋል፣ የፕላስቲክ ቆዳው ውኃ ጠጥቶ ያብጣል። ቀረጻ ላይ የዋሉ ሰዎች በሬዲዮ ሲሰሙት የሚውሉት «ሻርኩ አልሠራም» የሚለውን ነበር።

ሻርኩን ብሩስ ብለው ሰየሙት፤ የስፒልበርግ ጠበቃ ስም ነው። ለጎንደር አካባቢ ሰው ብሩስ ሲባል ሌላ ሰው ነው ትዝ የሚለው፤ ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ። እሱም በቀይ ባሕር መጥቶ በ1769 እ.ኤ.አ. ምጽዋ ወረደና በማግሥቱ ዓመት ጎንደር ገባ። አገሩ ተመልሶ ያየውን ሲናገር፣ በተለይም ከቁም ከብት ሥጋ ተቆርጦ ሲበላ አየሁ ሲል፣ የለንደን ሊቃውንት ውሸታም ብለው ሳቁበት። በአምስት ቅጽ ጽፎ ቢያወጣውም ስሙ ሳይጠራለት ሞተ። ያየውን የተናገረው ብሩስ አልታመነም፤ የፕላስቲኩን ብሩስ ግን ዓለም በሙሉ አመነው። ምን ይደረግ!

ታዲያ ሻርክ በሌለበት የሻርክ ፊልም እንዴት ይሠራል? የፊልሙ ጥበብ የተወለደው እዚህ ችግር ላይ ነው። ስፒልበርግ አውሬውን ማሳየት ሲያቅተው መደበቅ ጀመረ። ካሜራው ውኃው ልክ ላይ ተቀምጦ የዋናተኞችን እግር ያያል፤ እኛ ተመልካቾቹ ሻርኩን ሆንን ማለት ነው። ቢጫ በርሜል ባሕሩን እየሰነጠቀ ሲሄድ ከሥሩ ያለውን የምንስለው እኛው ነን። ጆን ዊሊያምስ ደግሞ በሁለት የሙዚቃ ኖታ አውሬውን መጣ መጣ አሰኘው። ሙሉ አካሉ የሚታየው ፊልሙ ከተጀመረ ከአንድ ሰዓት በኋላ ነው። ብሩስ ጤነኛ ቢሆን ኖሮ ከመጀመሪያው ደቂቃ ጀምሮ ሲያላምጥ እናየው ነበር፤ እስከ እራት ሰዓትም እንረሳው ነበር።

ሁለተኛዋ ባለውለታ ኤዲተሯ ቬርና ፊልድስ ናት። በየቀኑ ከባሕር የሚመጣላትን ቁርጥራጭ ትቀበላለች፤ ሰማዩ አይገጥምም፣ ማዕበሉ አይገጥምም፣ ሻርኩ ዘጭ ብሎ የሚታይ ፕላስቲክ ነው። ዓይን ፕላስቲክ መሆኑን ከመንቃቱ በፊት ትቆርጠዋለች። አንዲት ቅጽበት ብትጨምር አዳራሹ በሳቅ ይፈርሳል። በጣም የሚያስደነግጠው፣ ከሰጠመች ጀልባ ቀዳዳ የሰው ራስ ብቅ የሚልበት ትዕይንት ባሕር ላይ እንኳ አልተቀረጸም፤ በእሷው ቤት የመዋኛ ገንዳ ውስጥ፣ ውኃው እንዲደፈርስ ወተት ተጨምሮበት የተነሣ ነው። ፊልሙ ካገኛቸው ሦስት የኦስካር ሽልማቶች አንዱ የእሷ ሆነ።

እውነተኛ ሻርክም አለበት። አውስትራሊያውያኑ ባልና ሚስት ሮንና ቫለሪ ቴይለር በአገራቸው ባሕር ነጭ ሻርኮችን ቀርጸው ላኩ። የአውስትራሊያዎቹ ሻርኮች ከብሩስ ስለሚያንሱ፣ ትልቅ እንዲመስሉ ትንሽ የብረት ጎጆ ተሠርቶ በጣም አጭር የሆነ የቀድሞ ፈረስ ጋላቢ እንዲገባበት ተቀጠረ። አንድ ቀን ሰውየው በሌለበት ሻርኩ መጥቶ በባዶው ጎጆ ገመድ ተጠላለፈና ጎጆውን ሲበጣጥቀው ተቀረጸ። ድንቅ ቀረጻ ነው። ችግሩ በድርሰቱ መሠረት በዚያ ጎጆ ውስጥ ያለው ወጣት ሳይንቲስት መሞት ነበረበት፤ ጎጆው ደግሞ ባዶ ነው። ምን አደረጉ? ታሪኩን ቀየሩት። ሳይንቲስቱ ሾልኮ ወጥቶ ከባሕሩ ወለል ተደብቆ ተረፈ። ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር የገጸ ባሕርይ ዕጣ ከባሕርይው ይመነጫል እያልኩ ስንት ሰዓት ፈጅቻለሁ! እዚህ ግን የአንድን ገጸ ባሕርይ ነፍስ ያዳነው ገመድ ያሰናከለው ዓሣ ነው።

ፊልሙ ሲቀረጽ የነበረበትን ወቅት ልብ በሉልኝ። ከሚያዝያ 1966 ዓ.ም. መጨረሻ እስከ መስከረም 1967 ዓ.ም. መጨረሻ ገደማ ነው። በዚያው ክረምት አዲስ አበባ ላይ ደርግ ተቋቋመ፤ ሚኒስትሮችና መኳንንት ተራ በተራ ይለቀሙ ነበር። እዚያ ብሩስ አልሠራም እየተባለ ይዋላል፣ እዚህ እገሌ እጁን ሰጠ እየተባለ በሬዲዮ ይነገራል። እኔ ገና ፊደል የምቆጥር ልጅ ነበርኩ። ቴሌቪዥን የሚባለው ነገር እኛ አገር አልደረሰም።

አዲስ አበባ ግን ደርሶ ነበር። መስከረም 1 ቀን 1967፣ በዕለተ እንቁጣጣሽ ምሽት፣ የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን አንድ ፊልም አሳየ። እንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ በወሎ ረሃብ ላይ ሠርቶ በጥቅምት 1966 ዓ.ም. በአገሩ ቴሌቪዥን ያቀረበው ነው። ወታደሮቹ ያሳዩት ግን እንዳለ አይደለም፤ ቆርጠው ቀጥለውበታል። በረሃብ የሚያልቀው ሕዝብ ይታያል፤ ወዲያው የቤተ መንግሥት ግብዣ፣ ሻምፓኝ፣ ንጉሠ ነገሥቱ ለውሾቻቸው ሥጋ ሲሰጡ ይታያል። እንደገና የተራበው ሕፃን። እንደገና ግብዣው። ንጉሠ ነገሥቱም እንዲያዩት ተነግሯቸው ነበር ይባላል። በማግሥቱ ጠዋት ከሥልጣን ወርደው በቮልስዋገን ተወሰዱ።

ይህን ከሻርክ ጋር ማንሣቴ የሚያስቆጣው አንባቢ ይኖር ይሆናል። ልናገር የፈለግሁትን ልንገረው። ረሃቡ እውነት ነበር። መደበቁም እውነት ነው፤ በደል ነበር። ከኛ ደጋ ብዙም በማይርቀው በወሎ ሰው በየመንገዱ ዳር ሲያልቅ ግብዣ ይደረግ ነበር ማለትም ውሸት አይደለም። ውሾቹም ነበሩ፤ ሥጋ ይበሉ ነበር። ስህተት ለቃሚ ያንን ፊልም ምስል በምስል ቢመረምረው አንድ የሐሰት ምስል አያገኝም። ነገሩ ያለው በምስሎቹ መካከል፣ መቀሱ ባረፈበት ቦታ ላይ ነው። በልዩ ልዩ ጊዜና ቦታ የተነሡ ሁለት ምስሎች ጎን ለጎን ሲቀመጡ ሦስተኛ ነገር ይወልዳሉ። ያ ሦስተኛው ነገር በማንም ካሜራ አልተቀረጸም፤ በተመልካቹ ራስ ውስጥ ነው የሚበቅለው። ቬርና ፊልድስ የምታውቀው ይህንኑ ነው። የዋናተኛ እግር፤ ቀጥሎ ሰማያዊ ውኃ። አውሬውን ያመጣነው እኛ።

ልዩነቱ፣ ከሲኒማ ቤት የወጣ ሰው መብራቱ ሲበራ ፊልም እንደነበር ያውቃል። የእንቁጣጣሹን ፊልም ያየ ግን ዜና አየሁ ብሎ ነው የተነሣው። አንድ ሥርዓት፣ ብዙ ደግና ክፉ ሰዎች፣ ብዙ ዓይነት ጥፋትና ብዙ ዓይነት አገልግሎት ያለበት፣ በአንድ ምሽት አንድ አፍና አንድ ጥርስ ሆነ። ለአውሬ ደግሞ ፍርድ ቤት አይቆምለትም። ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. ሌሊት ስድሳ የሚሆኑ ሰዎች ያለ ፍርድ ተረሸኑ። ከእነዚያ አንዱ ሪር አድሚራል እስክንድር ደስታ ነበር፤ የንጉሠ ነገሥቱ የልጅ ልጅ፣ የባሕር ኃይሉ አዛዥ። የኛዋን ኦርካ የሚያዝባት ሰው። ፊልሙ ገደላቸው አልልም፤ ጥይት ነው የገደላቸው። ነገር ግን ያን ሰሞን ለምን ተብሎ የሚጠይቅ ሰው ድምፅ እንዲቀንስ ያ ምሽት የራሱ ድርሻ ነበረው ባይ ነኝ።

በሰኔ 1967 ዓ.ም. «ጆውስ» አሜሪካ ውስጥ ሲወጣና ሰው ለትኬት ሲሰለፍ፣ የኛ ተማሪዎች በዕድገት በኅብረት ዘመቻ በየገጠሩ ነበሩ። ፊልሙ ይፋግ የደረሰው ከሃያ ዓመት በኋላ ነው። በ1980ዎቹ ውስጥ በየትንሹ ከተማ ቪዲዮ ቤት ሲከፈት አንዱ እኛም ጋ ተከፈተ። ጭቃ ቤት፣ አግዳሚ፣ አንድ ቴሌቪዥን፣ ከውጭ የሚያጓራ ጄኔሬተር። በክረምት ዕረፍት ሄጄ ገባሁ። ከቴሌቪዥኑ አጠገብ አንድ ጎረምሳ ዱላ ይዞ ቆሟል፤ አስተርጓሚ ነው። እንግሊዝኛውን ይችል አይችል እሱና እግዜር ያውቃሉ። አንድ ሽማግሌ ከፊት ተቀምጠዋል፤ ቅዳሜ ገበያ ወጥተው የገቡ ገበሬ ናቸው።

«ይሄ አሁን ምንድን ነው የሚበላት?» አሉ፣ ልጅቷ ውኃው ውስጥ ስትጮህ።

«ዓሣ አንበሪ ነው አባ! ዮናስን የዋጠው!» አለ ጎረምሳው፣ ሳያመነታ።

«ኧረ በስመ አብ! ታዲያ ይቺንም ከሦስት ቀን በኋላ ይተፋታል በላና።»

ቤቱ በሳቅ ተሞላ። አስተርጓሚው ያለው በሳይንስ ስህተት ነው። አንበሪ ከግዕዝ ወደ አማርኛ የመጣ፣ ከዐረብኛው ዐንበር ጋር የሚዛመድ የዓሣ ነባሪ ስም ነው፤ ሻርክ ደግሞ ሌላ ፍጥረት ነው። ግን ልጁን ምን በለው? ለሻርክ ደጋ ላይ የምንጠራው ስም ከየት ያመጣል? ጣና እንኳን ሻርክ አዞም የለው። ለባሕር አውሬ በእጁ ያለው አንድ ስም ነበር፤ እሱን ሰጠ። ነገር ግን የዮናስ ዓሣ ታዞ የሚውጥ፣ ታዞ የሚተፋ ነው፤ ምሕረት አለበት። የስፒልበርጉ ምሕረት የለውም። ሽማግሌው እስከ መጨረሻው የጠበቁት ያን ምሕረት ነበር መሰለኝ። አንድ ሰዓት ያህል አውሬው ሳይታይ ሲቀር ከኋላ ያሉት ጎረምሶች «አሳየን እንጂ! ገንዘባችንን!» ብለው መጮህ ጀመሩ። ሽማግሌው ዞር ብለው «ዝም በሉ፤ ጅብስ ቢሆን ሳይታይ አይደል የሚያስፈራው?» አሏቸው። ስለዚያ ፊልም ካነበብኩት ትንታኔ ሁሉ ይህን የሚያህል የለም።

የሻርኩ ፊልም ዘር ከዚያ በኋላ በዛ። የጥራቱን ነገር ባናነሣው ይሻላል። በአራተኛው «ጆውስ»፣ በ1987 እ.ኤ.አ. በወጣው፣ ሻርኩ እንደ አንበሳ ያገሳል፤ ሻርክ ድምፅ የሚያወጣበት አካል የለውም። ቤተሰቡንም ለበቀል ባሕር አቋርጦ ይከተላል። የመጀመሪያው ፊልም መጨረሻ ላይ የአየር ጋኑ በጥይት ተመትቶ እንደ ቦምብ መፈንዳቱ ራሱ ሲሞከር ያልሠራ ነገር ነው፤ የልብ ወለዱ ደራሲ ፒተር ቤንችሊ አይታመንም ብሎ ተከራክሮ ነበር። ስፒልበርግ እስከዚያ ድረስ ተመልካቹን ከያዝኩት በኋላ መጨረሻ ላይ የምነግረውን ሁሉ ያምነኛል ብሎ ቀጠለ። እውነቱን ነው። አመንነው።

እኛ ግን የራሳችን የሻርክ ፊልም አምልጦናል። ኤርትራ ከኢትዮጵያ ጋር በፌዴሬሽን በተዋሐደችበት ሰሞን፣ እ.ኤ.አ. በ1952 እና በ1953፣ በብሩኖ ቫይላቲ የሚመራ የጣልያኖች ቡድን ዳህላክ ደሴቶች ላይ ሰፍሮ ነበር። ፎልኮ ኩዊሊቺ የተባለው ወጣት ከውኃው በታች ያለውን ዓለም በቀለም ቀርጾ እ.ኤ.አ. በ1954 «ስድስተኛው አህጉር» ብሎ አወጣው። ዓለም የቀይ ባሕርን ኮራል፣ ዓሣና ሻርክ ካየባቸው ቀደምት ፊልሞች አንዱ ነው። በዚያ ባሕር ላይ የሚውለበለበው የማን ሰንደቅ ዓላማ እንደነበር የሚያስብ ተመልካች ሮም ላይ መኖሩን እጠራጠራለሁ። እኛም አላሰብነውም። ከሁለት ዓመት በኋላ የኩስቶና የሉዊ ማል «የዝምታው ዓለም» በካን ትልቁን ሽልማት ወሰደ። በእሱ ውስጥ መርከቧ አንድ የዓሣ ነባሪ ግልገል ትገጭና ሻርኮች ሬሳውን ሊበሉ ይሰበሰባሉ። መርከበኞቹ በቁጣ ሻርኮቹን እየጎተቱ እያወጡ በመጥረቢያ ይጨርሷቸዋል። ግልገሉን የገደለው የመርከቧ መዘውር ነው፤ የተቀጣው ሻርኩ። ይሄ ልብ ወለድ አይደለም፤ ዘጋቢ ፊልም ነው። «ጆውስ» ከመወለዱ ሃያ ዓመት ገደማ በፊት ጥላቻው ተዘጋጅቶ ቆይቶት ነበር።

ከ1975 በኋላ አሜሪካ ውስጥ ሻርክ ገድሎ ፎቶ መነሣት የጀግና ሥራ ሆነ፤ የውድድር ሽልማትም ነበረው። ቤንችሊ ቆይቶ ያንን መጽሐፍ ዛሬ ልጽፈው አልችልም እያለ እስከ ሞተበት እስከ 2006 ድረስ ለሻርኮች ሲከራከር ኖረ። ቴይለሮቹም ቀሪ ዘመናቸውን ሻርክ እንዲጠበቅ ሲታገሉ ነው ያሳለፉት። ስፒልበርግ በ2022 በቢቢሲ ሬዲዮ ቀርቦ በመጽሐፉና በፊልሙ ምክንያት ሻርኮች በማለቃቸው ከልቡ እንደሚጸጸት ተናገረ። እርግጥ ሁሉንም በፊልሙ ማሳበብ ልክ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣ ጥናት በዓመት አንድ መቶ ሚሊዮን ያህል ሻርክ እንደሚገደል ገምቷል፤ አብዛኛው በመረብና ለክንፉ ንግድ ነው። በአንጻሩ ሳይነካ ሰው የነከሰ ሻርክ በዓለም ሙሉ በዓመት ስድሳ ሰባ ጊዜ ቢመዘገብ ነው፤ የሚሞተውም ሰው ብዙውን ጊዜ በጣት የሚቆጠር ነው። ይህ ቁጥር ግን ፊልም አይሠራበትም። መቶ ሚሊዮን ሬሳ ሁለት ኖታ የለውም።

በቅርቡ የእነዚያን ዕቃዎች መጨረሻ ሳጣራ ነበር። ሦስቱ ብሩሶች አንዳቸውም አልተረፉም። በእነሱ ቅርጽ የተሠራ አራተኛ ሻርክ ግን ካሊፎርኒያ ውስጥ በአንድ የአሮጌ መኪና ማከማቻ ለአሥርት ዓመታት ተጥሎ ከኖረ በኋላ ታድሶ፣ በ2021 እ.ኤ.አ. በተከፈተው የሎስ አንጀለሱ የአካዳሚ ሙዚየም ጣሪያ ላይ ተሰቅሏል። ውኃ አይነካውም፤ ጨውም የለም። የፊልሟ ኦርካ ግልባጭ ደሴቲቱ ዳርቻ ላይ ተትታ ጎብኚ እንጨት እንጨቷን ለማስታወሻ እየነቀለ ጨረሳት። የኛዋ ኦርካ፣ «ኢትዮጵያ»፣ በ1983 ዓ.ም. ደርግ ሲወድቅ መርከበኞቿን ይዛ ቀይ ባሕርን ተሻግራ የመን ገባች። እዚያ ሁለት ዓመት ቆማ፣ እ.ኤ.አ. በ1993፣ ኤርትራ ነጻ አገር በሆነችበት ዓመት፣ ለቁርጥራጭ ብረት ተሸጠች።